የአባቴ አጥንትና የእናቴ ብቅል

ሰኞ

እናቴ ብቅሉን ጥላው ተነሣች። ለአባቴ የሰባት ዓመት ተዝካር ብላ ገብሱን ትናንት ዘፍዝፋ፣ ዛሬ ጠዋት አጥልላ በቅጠል ሸፍናው ነበር። ከሰዓት በኋላ ጎርፍ ከገዘገዘው የገነተ ማርያም መቃብር ጥግ አፅሙ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር የአባቴም መቃብር ተከፈተ። እኔ አልሄድኩም፤ እሷ ሄደች። የተገኘው አጥንትና ብጣሽ ጨርቅ ነው።

አባቴ ካህን ነበር። አርባ ዓመት ቀድሷል። እናቴ ሥጋው ሳይፈርስ ይገኛል ብላ፣ ለማንም ሳትነግር፣ በልቧ ይዛው ኖሯል። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ደግሞ እዚያው ቆማ «የጻድቅ ሥጋስ አይፈርስም ነበር» አለች አሉ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም!

እናቴ ተዝካሩ ቀርቷል ብላ ተኛች። «ለተኮነነ ሰው ድግስ ምን ይረባዋል?»

ማክሰኞ

እህል አልቀመሰችም። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪነቴ ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው ብዬ፣ ላሊበላ ካለው ክፍሌ የኮሌጅ ደብተሬን አመጣሁ። አጠገቧ ተቀምጬ አነበብኩላት። መፍረስን የመጽሐፍ ቅዱሱ ግሪክ «ፍቶራ» ይለዋል። ግእዙ ሙስና የሚለው ነው፤ የዛሬውን ጉቦ ሳይሆን መበስበስን፣ መፍረስን። ለምግብም፣ ለከብትም፣ ለፍጥረት ሁሉ ይነገራል። አልፎ አልፎም ለኃጢአት ጥፋት።

ይህችን የመጨረሻዋን ብተዋት ምን ነበረበት?

«ለኃጢአትም ነው አላልሽም?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ተማርኩ ብዬ አባቴን በገዛ አፌ አስኮነንኩት። ትናንት ደግሞ እትዬ ብርቄን ስረግም ነበር።

ረቡዕ

ጾም ስለሆነ እህል አለመቅመሷ ለሰው አይታወቅም። ለእኔ ይታወቀኛል። ውኃ ብቻ። ቄሶቹን ምን እላቸዋለሁ? ጌሾው ተገዝቷል፣ ዘመድ ተጠርቷል። እሱስ ይቅር፤ እሷ ብቻ ትነሣልኝ።

ሐሙስ

ቤቱ ሸተተኝ። የተረሳው ብቅል ነው። በስብሷል ብዬ ልደፋው ቅጠሉን ስገልጥ እናቴ ከመኝታዋ ጮኸች።

«ተይው! እንዳትነኪው!»

ሦስት ቀን የተኛች ሴት ለብቅል ተነሣች። ተንበርክካ አንዷን ፍሬ በጥፍሯ ሰነጠቀቻት። ፍሬዋ ለስልሳ ላልታለች፤ ነጭ ቡቃያ አውጥታለች። እናቴ አገላብጣ አየቻት።

«ፍቶራ ያልሽው ይኼም ነው?»

«ይኼም ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ይኼን ገብስ ማን ኮነነው?»

ሐዋርያው ስለ ሙታን ትንሣኤ ሲናገር ያንኑ ቃል ከዘር ጋር ማንሣቱ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። «በመበስበስ ይዘራል፣ ባለመበስበስ ይነሣል» የሚለው ደብተሬ ውስጥ ተሰምሮበት ነበር። ነገርኳት።

«ይኼን ትተሽ ነው ኃጢአቱን ያስቀደምሽብኝ?» ብላ ተቆጣችኝ። ቁጣዋ እንዴት ደስ አለኝ!

ዓርብ

ተመስገን፣ ሽሮ በላች። ከዚያ «ብርቄን ጥሪያት፣ ብቅሉን አብራን ታስጣ» አለችኝ። አኮረፍኩ፤ ግን ጠራኋት። እትዬ ብርቄ አቀርቅራ ገባች። ሦስታችንም የተያያዘውን ብቅል በእጃችን እየፈለፈልን ሰሌኑ ላይ በተንነው። ተዝካሩ ይደረጋል።

እትዬ ብርቄ ከሄደች በኋላ እናቴ እጇን እያራገፈች እንዲህ አለችኝ፦

«ጻድቅ መሆኑንስ እኔም አውቅ ነበር። ፊቱን አንዴ አየዋለሁ ብዬ ነበር እኮ።»

የኮሌጅ ደብተሬን ዘግቼ አስቀመጥኩት። ጎኗ ተቀመጥኩ።