ማሽላ የሌለው ማማ

ውድ ባንች፣ ከግሪክ ባሕር ላይ እንዴት ሰነበትሽልኝ?

«እኛም ለመርከብ ጉዟችን ባለበረንዳ ክፍል እንያዝ ወይስ ይቅርብን?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ይቅርባችሁ! እኛን ልጄ ሊሮን ናት «እማ፣ ሚርፔሴት፣ በረንዳ፣ የሌለው ክፍል ሐቫል ነው፣ ከንቱ ነው» ብላ ያስያዘችን። እሷ ራሷ ኢር ያሚም ሰፈር ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ እየኖረች በረንዳዋን ረግጣው አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት ወጣሁና፣ እኔና አንቺ ሰፈራችን ነቬ ኢታማር ከበረንዳ በረንዳ እንደምንጠራራው፣ አንገቴን አስግጌ ጎረቤቴን «ቦከር ቶቭ! እንደምን አደርሽ! እንቅልፍ እንዴት ነው?» አልኳት። ሴትዮዋ ወንበሯን ጎትታ ገባችና በሩን ጥርቅም! ወዲያው አንድ የመርከቡ ሠራተኛ መጥቶ «እባክዎ ጎረቤት አይረብሹ» አለኝ። ጉድ እኮ ነው፣ ሰላምታ ረብሻ ሆነ!

የቀረው ውሃ ብቻ ነው። ሰው አያልፍበት፣ ማን መጣ ማን ሄደ አይባልበት። መስኮት እንኳ የሌለው ክፍል የያዙ፣ አብረውን የተሳፈሩ የአሽዶድ ከተማ ሰዎቻችን ከላይ ፀሐይ ላይ ተሰብስበው ሲሳሳቁ ይሰማኛል፤ ይህን እንደጨረስኩ ወደነሱ ልወጣ ነው።

ባሌ ዘመዱ ግን «የተከፈለበት ነው» ብሎ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ማማ ላይ እንደወጣ ማሽላ ጠባቂ በረንዳው ላይ ተጎልቷል። ማሽላ የለ፣ ዝንጀሮ የለ። ባሕሩን ማን እንዳይሰርቅበት እንደሚጠብቅ እንጃለት።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። ለባልሽ ለፀጋውና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ጠዋት ጠዋት ስትወጪ ባዶውን በረንዳዬን «እንዴት አደርክ» በይልኝ፤ እሱ እንኳ በሩን አይዘጋብሽም።

ሻሺ