የመረጥኩልህ ስድስት ጎራሽ

ለሰይድ፣ ለሐያት አባት፤ በተኛህበት ሰላም ይድረስህ።

ሰይዴ፣ ከተለያየን ሰባት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። መቁጠሬን አላቆምኩም። አንተ ብትሆን ኖሮ እስካሁን ተምታቶብህ ነበር፤ የሠርጋችንን ቀን እንኳ በየዓመቱ የማስታውስህ እኔ ነበርኩ። ፊደል ያስቆጠርከኝ ለእንዲህ ያለው ደብዳቤ መሆኑን ብታውቅ ታዝን ነበር ወይስ ትኮራ፣ እንጃ። ስህተት ካገኘህበት እንደ አስተማሪ በልብህ እረመው እንጂ አትሳቅብኝ። ደግሞ ላለቅስብህ አይደለም የምጽፍልህ። ከላዬ ሸክም ወርዶልኛል፤ ይህን ከአንተ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም።

በመጀመሪያ የስደት ቤታችንን ወሬ። ከማዮ ሰፈር ወጥተናል። አሁን ሶባ ነን፤ ሁለት ክፍልና የራሳችን በር ያለው ግቢ አለን። መብራት ገብቶልናል፣ አቧራው ግን ከማዮ ተከትሎን መጥቷል። እኔ ዛሬም እዚያው ዐማራት ሰፈር፣ እዚያው ቤት ነው የማበስለው፤ በሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ሁለት መኪና ቀይሬ እሄዳለሁ። ዓረቧ እመቤት አርጅታለች፣ እኔ አርባን አልፌም ዛሬም «ያ ቢንቲ» ትለኛለች፤ እኔም ልጅ መባሉን አልጠላሁትም። ሞባይል የሚባል ስልክ ደግሞ መጥቷል። ሐያት አንድ ገዝታልኛለች፤ ሲጮህ አሁንም እደነግጣለሁ።

ሐያት ያልኩህ ያቺ በአሥራ አራት ዓመቷ ጥለሃት የሄድካት ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የደን ሙሀንዲሳ፣ የደን ባለሙያ፣ ሆናለች። ዛፍ መቁጠር በዘር ይወረሳል እንዴ? ሥራ አገኘሁ ብላ ስትነግረኝ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። የት እንደሆነ ስትነግረኝ ዘጋሁት። አንተ የሠራህበት መሥሪያ ቤት ነው፤ ጫካውም ያው ያንተው፣ ደንደር ነው። ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ አልኳት። «ያ ኡሚ፣ ጎሽ ሁልጊዜ ሰው አይወጋም» አለችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ተኳርፈን ሰነበትን። ጎሽ የፈራሁ መስሏታል። እኔ የምፈራው ሌላ ነበር፤ እሱን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሽጉጡን የመረጥኩልህ እኔ ነኝ፣ ሰይዴ። ሰባት ዓመት የበላኝ ይህ ነው።

ያን ጁምዓ ታስታውሰዋለህ። ጫካ ውስጥ ዛፍ ስትለኩ ጠመንጃ ተሸክሞ ሜትርና ደብተር መያዝ አልመች ስላላችሁ ኃላፊው ሽጉጥ ፈቅዶላችሁ ነበር፤ ከመጋዘን ምረጡና ረኽሳ ይውጣላችሁ፣ ፈቃዱን እኔ አስጨርሳለሁ አላችሁ። አንተ የትናንት አስተማሪ፣ ከጠመኔ በቀር ምንም ጨብጠህ የማታውቅ ሰው፣ ጥይቱ በየት በኩል እንደሚገባ አታውቅም። በዚህ ላይ ጉራህ፦ «ሚስቴ የጠመንጃ ጠጋኝ ልጅ ናት፣ እሷ ትምረጥልኝ» ብለህ ለሰዉ ሁሉ አውርተሃል። ስለዚህ ሶባ ድረስ ይዘኸኝ መጣህ። መጋዘን ጠባቂው ዐም ዑስማን፣ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ቶብ የለበሰች ሴት ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ ጨርቅና ዘይት ስትጠይቀው «ሱብሓነላህ» ብሎ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ትርኢት ያገኘ ይመስል ነበር።

አባቴ ባቲ ላይ መሣሪያ ሲጠግን ብሎኑን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ሽጉጥ በመልኩ አይገዛም፣ በአቧራና በጭቃ ቀን ነው የሚታወቀው ይል ነበር። ጠረጴዛው ላይ የቀረቡልን ሁለት ነበሩ። አንዱ ጥቁር፣ አዲስ፣ ጥይቱ በካርታ የሚገባ፤ አይንህ እሱ ላይ ቀረ። ሌላው ቀለሙ የተላጠ አሮጌ ስድስት ጎራሽ። ሁለቱንም አጎረስኳቸውና ግቢው ውስጥ አቧራ ላይ አንከባለልኳቸው፤ በቶቤ ጫፍ አንዴ ጠርጌ ለዐም ዑስማን ሰጠሁት። እሱ አፈር ቁልሉ ላይ ተኮሰ። ጥቁሩ ሁለት ተኩሶ ሦስተኛው ላይ ነከሰ። ስድስት ጎራሹ ስድስቱንም ተፋ።

ያን ጊዜ ያስረዳሁህን ዛሬም አልቀይረውም። ጫካ ውስጥ መሣሪያ የምትወለውልልህ ሚስት የለችም። አንተ ጫማህን በሳምንት አንዴ የማታራግፍ ሰው ነህ፤ ለአንተ የሚሆነው የባለቤቱን ስንፍና የሚችል ነው። ጥቁሩ ከነከሰ ሁለት እጅና የረጋ ልብ ይፈልጋል። ስድስት ጎራሽ ግን አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግመህ ትስባለህ፣ ሌላው ይመጣልሃል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው፣ ምላጩ ይከብዳል። ሁለቴ ሳብክና ጣትህን እያራገፍክ የቆመ አህያ መጎተት በስንት ጣዕሙ አልክ። እኔም «ትለምደዋለህ» አልኩህ።

ከዚያ ስንወጣ ሱሪህ በሽጉጡ ክብደት እየወረደ፣ ቀበቶህን በአንድ እጅ ይዘህ ሐፍላ ስትሳፈር ሰው ሁሉ ሳቀብህ። ሁለት ዓመት ይዘኸው ሄድክ፣ ይዘኸው መጣህ፤ አንድ ቀን እንኳ አልተኮስክበትም። እኔም ምርጫዬን ረሳሁት።

ከዚያ ይማም መጣ። የሥራ ጓደኛህ፣ የአገራችን ልጅ፣ የደሴው ይማም። በጠዋት ከሽማግሌዎች ጋር በሩን ሲያንኳኳ ገና ሳይናገር አውቄዋለሁ። ጎሽ ነው አሉኝ። ሙቀቱ ስለማያደርስ እዚያው ከጫካው ጫፍ ያለችው መንደር መቃብር ቀብረናል አሉኝ። ይማም ያጽናናኛል ብሎ «እንደ ወንድ ነው የሞተው፣ ሽጉጡን ጨብጦ ነው የወደቀው» አለ። ለቀስተኛው ሁሉ ጀግና ጀግና አለ። እኔ ስንት ጥይት እንደተኮስክ ጠየቅሁ። አንድም አልተኮሰም አለኝ።

ሌላው ሰው ወንድነትህን ሰማ። እኔ የጠመንጃ ጠጋኝ ልጅ የሰማሁት ሌላ ነው። ሽጉጥ ተመዝዞ አንድም ካልተተኮሰ ወይ ጥይቱ ከሽፏል፣ ወይ ምላጩ ለጣትህ እምቢ ብሏል። በየትኛውም ቢሆን የመረጠችው እኔ ነኝ፣ ትለምደዋለህ ያለችህም እኔው ነኝ። ምላጩ የሚቀለውን ጥቁሩን መርጬልህ ቢሆንስ እያልኩ ስንት ዓመት። ጎሹ እየመጣ አንተ ስትስብ፣ ቀጭ ሲል፣ ደግመህ ስትስብ አይሃለሁ። ዐማራት ወጥ ቤት የጋዝ መለኮሻው ቀጭ ሲል መስማት ስላልቻልኩ ጥዬው ክብሪት ገዛሁ። እመቤቲቱ ምክንያቱን ጠይቃኝ ልማድ ነው አልኳት።

አሁን ወደ ሐያት ልመልስህ። እኔን ትታ ረኽሳዋን ራሷ አስጨርሳ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ዐም ዑስማን፣ ዕድሜ ይስጠው፣ እናትሽ ካልመጣች ምንም አልሰጥሽም ብሎ መለሳት። የሄድኩት ልከለክላት ነበር። ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሽጉጥ ደርድሯል። ሦስተኛው ያንተ ነው። ከዕቃህ ጋር ተመልሶ መጋዘን ገብቶ ኖሯል፤ የሟች መሣሪያ ነው እያሉ የወሰደው ሰው አልነበረም። ከነጥይቱ እንደመጣ ተቀምጧል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሄጄ ማየት እችል ነበር። የከሸፈ ጥይት ይናገራል። መምቻው ነክቶት ያልፈነዳ ከሆነ የቀለሁ ቂጥ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ይቀራል። አውቀው ነበር፣ አልደፈርኩም። ያን ዕለት ግን ልጄ ፊቴ ቆማለች። ከፈትኩትና ስድስቱን አንድ በአንድ አውጥቼ መስኮቱ ጋ ወስጄ አየኋቸው። ስድስቱም ለስላሳ ናቸው፣ ጭረት እንኳ የለባቸውም።

ጥይቱ አልካደህም። ትንሽ ተነፈስኩ። ወዲያው ደግሞ ሌላው መጣብኝ፤ እንግዲያውስ ምላጩ ነው፣ መሳብ አቅቶህ ነው። ይኼኛው ባሰብኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሐያት ውኃ አመጣችልኝ። ያን ጊዜ ነው አረብኛውን ካማርኛው እየደባለቅሁ ሁሉንም የዘረገፍኩት፤ ልጅህ ሰባት ዓመት ምን ስሸከም እንደኖርኩ የሰማችው ያን ዕለት ነው። ዐም ዑስማን አዳመጠኝና ግራ ገባው። የምን ጨብጦ ነው አለኝ። «ዕቃውን ካመጣው መኪና የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ ሽጉጡ ማኅደሩ ውስጥ ነበር፣ ክዳኑ እንደተቆለፈ፣ ቁልፉ ላይ ጭቃ ደርቆበት በቢላ ነው የከፈትኩት» አለ። ሦስት ጊዜ ወላሂ ብሎ ማለልኝ።

ከዚያው ወደ ይማም ሄድኩ። አሁን የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ይሸጣል፤ ሆድ አውጥቷል፣ ብታየው አታውቀውም። ስጠይቀው እውነቱን አወጣ። ካንተ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ደብተር ይዞ ነበር። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ሜትሩን ግንዱ ላይ ጠምጥመህ ቁጥሩን ጮክ ብለህ ትነግረዋለህ። ጎሹ ከጎን ከጥሻው ወጣ። አንተ አንገትህን እንኳ አላዞርክም፤ ቁጥሩንም አልጨረስከውም። እንግዲህ ይማም ያለኝን ስማ፦ «ለወሎ ሴት ባልሽ ሜትር ጨብጦ ሞተ ብዬ እንዴት ልንገር?»

ልናደድበት ይገባኝ ነበር፣ አይደል? በጥፊ ልለው እጄን አንስቼም ነበር። በአገራችን ሟች ምን ጨብጦ እንደወደቀ ይጠየቃል፣ እሱም ለእኔ ክብር ብሎ ነው የዋሸው። የጠመንጃ ጠጋኝ ልጅ መሆኔን አላሰበውም። እዚያው ሱቁ በር ላይ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅኩ፤ ሐያት ደግፋኝ ወጣች። አልፈራህም ነበር፣ ሰይዴ። ምላጭ አልሳብክም፣ ምንም ቀጭ አላለም። በምትወደው ሥራ ላይ፣ ቁጥር አፍህ ላይ እንዳለ ነው የሄድከው። ላንተ ማዘኔ አልቀረም፣ ግን እንዲህ ያለውን ሐዘን እችለዋለሁ።

በማግስቱ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩና ለልጅህ መረጥኩላት። ሦስቱንም እንደ ድሮው አቧራ ላይ አንከባለልኩ። ዐም ዑስማን ዕድሜው ስለገፋ ራሷ ተኮሰች። ያንተው ሽጉጥ ሰባት ዓመት የተቀመጡትን ስድስት ጥይቶች አንዱንም ሳያከሽፍ ተፋ። ምላጩንም ሳታማርር ሳበችው፤ ጣቷ የእኔ ነው፣ ይቅርታ። አዲስ ጥይት አስገባንለት። ከሽጉጡ በላይ ግን አንድ ነገር አስማልኳት፤ እሷ ስትለካ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቷት ጥሻውን እያየ እንዲቆም፣ ደብተር የሚይዘው ደግሞ ሌላ እንዲሆን። ለኃላፊዋም ነግራ ለሁሉም ሥርዓት አድርገውታል።

ሦስት ሳምንት ቆየች። ስልክ የሚይዘው አንድ ኮረብታ ላይ ብቻ ነው፤ በጁምዓ በጁምዓ ትደውልልኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት ገባች፤ ፀሐይ አጥቁሯት፣ ፀጉሯ ቅጠል ሞልቶበት። ስድስቱንም ጥይት ሳይተኮሱ ለዐም ዑስማን አስረክባ ነው የመጣችው። መቃብርህንም አግኝታዋለች፤ ዝናብ ያንከባለላቸውን ድንጋዮች መልሳ ደርድራልሃለች፣ ፋቲሓም ቀርታ ዱዓ አድርጋልሃለች። ይህን ስጽፍ ቀትር ነው፤ በዚያኛው ክፍል ተኝታ እንደ አንተ ታንኮራፋለች፤ ለጆሮዬ ጣፋጭ ነው።

አንድ የማፍርበት ነገር ቀርቶኛል፣ እሱን ነግሬህ ላብቃ። ከሞትክ ጀምሮ ከሶላት በኋላ እጄን ዘርግቼ ስምህን ሳላነሳ የዋልኩበት ቀን የለም። ሰው ሁሉ ለባሏ ዱዓ ታደርጋለች ይለኛል። እኔ ግን ስምህን እየጠራሁ የምለምነው ለራሴ ነበር፤ በመረጥኩት ሽጉጥ እንዳልጠየቅበት፣ አንተም አውፍ፣ ይቅር፣ እንድትለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ዱዓህን ስበላብህ ኖሬያለሁ። ዛሬ ሰግጄ እጄን ስዘረጋ ለራሴ የምለምነው ጠፋኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስምህን የማነሳው ለአንተ ብቻ ነው፤ በሕይወት እስካለሁ አንድ ቀን አላስተጓጉልብህም።

ባለቤትህ ዘሀራ