እህትህ ስላገኘችብህ ስህተት

ለበኩር ልጄ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ምራቴስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ትንሹ ጥርስ አበቀለ ወይስ እስካሁን እንደ እኔ በድዱ ነው የሚስቀው? እኔ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎ ከማመፁ በቀር ምንም አልል። ፊደሌ ቢንጋደድም ነገሬ ቀጥ ያለ ነውና ረጋ ብለህ አንብበው።

ጠርጥር የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እኔን አይቶ መሆን አለበት። እህትህ ሰሞኑን አላማረችኝም። ወደ ሥራ ክፍሏ ስገባ የኮምፒውተሯን ክዳን ዘጋ ታደርጋለች። አንተ ስትደውል ስልኩን እያየች ዝም ትለዋለች። መጀመሪያ ሰው የያዘች መስሎኝ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቼ ገቢ ወጪውን ስጠብቅ ሰነበትኩ፤ ከውሃ ቆጣሪ አንባቢው በቀር የመጣ የለም። እሱንም አፍጥጬ ነው የሸኘሁት። ቀጥዬ አንተን ጠረጠርኩ፤ ምን በድሏት ይሆን አልኩ። በመጨረሻ ምሳ አልበላም ብዬ ሳኮርፍ ተናገረች።

ነገሩ ሥራዋ ነው። አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ የገባኝን ልጻፍ። ከርነል በሚሉት የኮምፒውተር አዛዥ ውስጥ አንድ ተርጓሚ አለ አሉ። ፕሮግራም ሲመጣለት እዚያው በቆመበት ማሽኑ ወደሚገባው ቁጥር ይለውጠዋል። ከዚህ ተነስተህ እዚያ ዝለል የሚለውን ትእዛዝ ሲጽፍ ግን ርቀቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ጠባብ ነው። ርቀቱ ከቦታው ሲበልጥ ሳይለካ ይጠቀጥቀዋል፤ ትርፉ ይቆረጣል፤ ወደፊት የተላከው ማሽን ወደኋላ ዘሎ ያልታሰበ ቦታ ይወድቅና ድርቅ ይላል። እህትህ አስቀድሞ እንዲለካ፣ ካልበቃውም ሰፊውን አጻጻፍ እንዲይዝ አድርጋ አቃንታዋለች። ሞክራዋለች፣ ሠርቷል።

ታዲያ ለከርነሉ ኃላፊዎች ለምን አትልኪውም ብላት አቀረቀረች። ለካ በዚህ ሥራ ደንብ አለ፤ እርማት የሚልክ ሰው ስህተቱ በየትኛው ለውጥ እንደገባ ከነርዕሱ መጻፍ አለበት። ያን ለውጥ በስምህ ያስገባኸው ደግሞ አንተ ነህ፣ ገና ሥራ ስትጀምር። ጣቴን ይዞ ያስተማረኝን ወንድሜን ሰው ሁሉ በሚያየው አደባባይ እንዴት አድርጌ ልጥራው አለችኝ።

እኔም ያችን ለውጡን የምትጠራዋን መስመር ተያት አልኳት። የቤታችን ስም ከስህተት ጋር ሲነሳ አልወድም፤ ደንቡንም ሰው ለማሳጣት ያወጡት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን፣ አባዬ፣ የድሮውን ከርነል ይዘው የተቀመጡ ሰዎች እርማቱ እነሱንም እንደሚመለከት የሚያውቁት በዚያች መስመር ነው፤ ከቀረች ማሽናቸው እንደታመመ ይቀራል አለች። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ አይደል? ተረታሁ። እስኪመሽ ተከራክሬ ነው እንጂ ወዲያው አይምሰልህ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ባለፈው ስትደውል እህቴ ምን እየሠራች ነው አልከኝ። ተርጓሚውን እየጠገነች ነው ብልህ ወዲያው ልጁ አለቀሰ ብለህ ዘጋኸው። ልጅ ሲያለቅስ አልሰማሁም፤ ጉልበቴ እንጂ ጆሮዬ አልደከመም። ስህተቱ ያንተ መሆኑን ያን ጊዜ አውቀህ ነበር? አውቀህ ከሆነ እሷ ብቻዋን ስትጨነቅ ለምን ዝም አልክ?

መልሱን በአፍህ አልፈልገውም። ደብዳቤውን ጎረቤታችን ሾፌሩ ያደርስልሃል፤ እንዳይከፍተው ጠርዙን ሁሉ በሙጫ ለጥፌዋለሁ። እጅህ መግባቱን ደውሎ ሲነግረኝ በማግስቱ ላኪው እላታለሁ፤ እስከዚያ አቆይቻታለሁ። ሌላው የሠራውን መርምሮ አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው ብሎ ስሙን ከሥሩ የሚያስገባ ሰው አለ አሉ። አንተ መርምረው። ልክ ካልሆነ አይደለም በላት፣ አትሽኮርመም፤ ልክ ከሆነ ግን ስምህን አስገባ። በፈረንጅ ፊደል ማንበብ ባልችልም የስምህን መልክ ለይቼ አውቀዋለሁ።

ምራቴን ሰላም በልልኝ። ትልቋን ወሬኛ ሁለቱንም ጉንጯን፣ ትንሹን ግንባሩን ሳምልኝ። የሚስትህን እናት ያ ሳል ለቀቀዎት ወይ ብሏል በልልኝ። እህትህ መጻፌን እንጂ ምን እንደጻፍኩ አታውቅምና የእሷን ሰላምታ አልጨምርም። የእኔንም ሰላምታ ስምህን ከእርማቱ ሥር ሳይ እልክልሃለሁ።

አባትህ
ከእህትህ ቤት፣ ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍሌ
ጥቅምት 9 ቀን