ያለ ፈቃድህ ስለ ከፈትኩት ቀፎ

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ቼሩዮት፣ ሞምባሳ፤

እንዴት ነህ ወንድም ጋሼ? እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? ያ ጭነት የጎዳው ወገብህ ተሻለህ? መርከባችሁ ከአራት ወር በኋላ በሰላም ወደብ መግባቷን የጎረቤታችን የኪሮር ልጅ ሲነግረን፣ እናታችን ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ወደ ሰማይ እያየች አጨበጨበች። ልጁ አፉን ቢይዝ ጥሩ ነበር፤ በእኛ ቤት የማይነካውን ዓሣ መብላት መልመድህንም ነገራት። «ልጄን ምን አበሉብኝ!» እያለች ቀኑን ሙሉ ስታዝን ዋለች። ለእኔ ከሆነ የወደድከውን ብላ፣ ብቻ ጤና ሁንልን።

እኛ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። የእናታችን ጉልበት በብርዱ ወቅት ትንሽ ቢያስቸግራትም አፏ እንደ ድሮው ነው፤ ማንንም አይምርም። ባለቤቴ ታፕሌሌይም ደህና ናት። አንድ ትልቅ ደስታ አለን፤ ልጄ ኪፕኬሜይ አገባ! ሙሽራዋ ቼፕንጌኖ ትባላለች፣ ከኮረብታው ማዶ ያሉት የሽማግሌው የአራፕ ሶንጎል የልጅ ልጅ ናት። ይህ ሠርግ የተደረገው በአንተ ነው። አንተ ግን ምንም አታውቅም። ስለዚህ ከእንግዲህ ያለውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ወንድም ጋሼ፣ ቀፎህን ከፈትኩ። ያውም አንድ አይደለም፣ አምስት። እኛ ማር ቆራጮቹ ኦጊኮች ዘንድ የሰው ቀፎ የከፈተ ምን እንደሚባል አንተው ታውቃለህ። አያታችን በዚህ የተነሳ የገዛ አጎቱን እስኪሞት ድረስ አላናገረውም። እኔም ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ግን እንዴት እዚያ እንደ ደረስኩ ከሥሩ ካልነገርኩህ አይገባህም።

ከስድስት ዓመት በፊት ለመሄድ ስትነሳ የአባታችንን ደን በወንዙ ለሁለት መክፈላችንን ታስታውሳለህ። የወዲህኛው ለእኔ፣ የወዲያኛው ለአንተ ሆነ። ያን ጊዜ «በድርሻህ የፈለግከውን አድርግ፤ የእኔን ግን እስክመለስ አንዲት ቅርንጫፍ እንዳትነካብኝ» አልከኝ። እኔም በሄድክ ማግስት መሳቂያ አደረግኩህ። «ባሕር ላይ ተቀምጦ ደን ይጠብቃል!» እያልኩ ጠጅ በተጠጣበት ሁሉ አስቅብህ ነበር። ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል።

ከዚያ ባለካሚዮኖቹ መጡ። ከሰል ፈለጉ፣ አከሰልኩላቸው። ለአጥር የሚሆን ጥድ ፈለጉ፣ ቆረጥኩላቸው። በባዶው መሬት ላይ ድንች ተከልኩ። የመጀመሪያው ዓመት ድንች የሕፃን ጭንቅላት ያክል ነበር፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ «ንብ ስጠብቅ ዕድሜዬን ፈጀሁ» እያልኩ አወራሁ። ወንዝ ዳር የነበረውን የአባታችንን ትልቁን ጥድ ጭምር ነው የጣልኩት። በየደብዳቤው «የአባባ ጥድ ደህና ነው» እያልኩ የጻፍኩልህ ሁሉ ውሸት ነው። ሲወድቅ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እናታችን ከቤት ወጥታ አየችኝ፤ ተመልሳ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። ከአፏ ክፉ ቃል ብሰማ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጉሬዛዎቹ ሄዱ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ጩኸታቸው ቀረልኝ ብዬ። ከዚያ ያ ሲመሽ ዛፍ ላይ ሆኖ ሲጮህ የሚያስፈራን ሽኮኮ ዝም አለ። ማር መሪዋ ወፍም ጠፋች። «ክር ክር» እያለች ከፊታችን ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ቀፎ የምታሳየን ወፍ፣ ለእኔ የምታሳየኝ ነገር ስታጣ ምን ታድርግ! ወንዙም በበጋ ጫማ ሳያርስ የሚሻገሩት ሆነ። ቀፎዎቼን የሚሸከም ዛፍ ስላልነበረ በአጥር እንጨት ላይ ደረደርኳቸው። አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ፤ ከፍቼ ባይ ሸረሪት ብቻ። እኔ ግን ሰው ነው የሰራብኝ አልኩ። ኪሮርን «ንቦቼ ላይ መድኃኒት አድርገሃል» ብዬው ተደባድበናል። እሱ ያለው ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል፤ «እኔ ምን ላድርግብህ፣ በጀርባህ ተሸክመህ የምትረጨው ምንድን ነው?» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ለድንቹ ተባይ የምረጨውን መርዝ ልክ አበባው ሲፈነዳ፣ ንብ በሚወጣበት በማለዳ ነበር የምረጨው። በማግስቱ ታፕሌሌይ ከድንቹ መስመር መሃል የሞቱ ንቦችን በመጥረጊያ ጠርጋ ሰብስባ በወንፊት አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «ባለማሩ፣ ምርትህን ተረከብ» አለችኝ። ወንድም ጋሼ፣ ከንብ ጋር ያደገ ሰው ንብ መቼ እንደምትወጣ ይጠፋዋል? ጠፍቶኝ ሳይሆን ለድንቹ ብቻ አስቤ ነው።

ይህን ጊዜ ነው የኪፕኬሜይ ነገር የመጣው። ልጅቷን ወደዳት፣ እሷም ወደደችው፤ ሽማግሌ ላክን። አራፕ ሶንጎል የድሮ ሰው ናቸው። «ላሙንም ፍየሉንም ተዉት፤ አራት ስልቻ ማር፣ ከወገናችሁ ደን የተቆረጠ። ያለ ማር ምርቃት የለም፣ ያለ ምርቃት ልጅ የለም» አሉ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ከወገናችን ደን ከየት ላምጣ? ናኩሩ ገበያ ሄጄ ማር ገዛሁ፤ በእናታችን አሮጌ የቆዳ ስልቻዎች ገልብጬ አጎንብሼ አቀረብኩ። ሽማግሌው በጣታቸው ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው ዞር ብለው «ይህቺ ንብ ስኳር ፋብሪካ ነው እንዴ የተቀጠረችው?» አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ስልቻዎቼን ተሸክሜ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። የሁለት ወር ጊዜ ሰጡን፤ ካልሆነ ልጅቷን ለሌላ ጠያቂ እንደሚሰጡ ቁርጡን ነገሩን።

ኪፕኬሜይ እህል አስጠላው። ማታ ማታ የኡጋሊ ገንፎውን ሳይነካ ይነሳ ነበር። አንድ ቀን «አባዬ፣ አያቴ የተወልህን ደን የት አደረስከው?» አለኝ። በገዛ ልጅ እንዲህ የመጠየቅ ውርደት አንተ አልደረሰብህም፣ አይድረስብህም።

ፈቃድህን ለመጠየቅ መልእክት ልኬ ነበር። መርከብህ ባሕር ላይ ናት፣ ቃል አይደርሰውም ብለው ከወደቡ መለሱልኝ። ከሁለቱ ወር የቀረው አሥር ቀን ሲሆን ወንዙን ተሻገርኩ። ወንድም ጋሼ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዴም ገብቼበት አላውቅም ነበር፤ ዓይኔ ማየት አልፈለገም መሰለኝ። የእኔ አፈር እግር ሲሰነጥቅ ያንተ መሬት ረግረግ ነው። ጉሬዛዎቹ እዚያ ናቸው! ብሳናው አብቦ ነጭ ሆኗል። ከላዬ «ክር ክር» የሚል ድምፅ ስሰማ እንደ ሞኝ ቆሜ አለቀስኩ። ወፏ ሄደች፣ ተከተልኳት፤ ወስዳ ያንተ ምልክት የተቀረጸበት ቀፎ ሥር አቆመችኝ።

ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ገመድ ወገቤ ላይ ጠምጥሜ፣ ግንዱን አቅፌ። የዛፍ ሽበቱን ጭስ ከማስገባቴ በፊት ስምህን ጠርቼ «ወንድም ጋሼ፣ ለልጃችን ነው» አልኩ። አባታችን እንዳስተማረን ከእያንዳንዱ ግማሹን ቆርጬ ግማሹን ለንቦቹ ተውኩ። ከዘጠኙ ቀፎ አምስቱ አራት ስልቻ ሞላ። የቀሩትን አልነካሁም።

ማሩን ስናቀርብ አራፕ ሶንጎል ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ብሳና» አሉ። ቀጥለው «ከማን ደን?» ብለው ጠየቁ። ከወገናችን ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ወንፊቱ ላይ ያሉት ንቦች ታወሱኝ። «ከወንድሜ ከቼሩዮት። እሱ አያውቅም፣ ሰርቄ ነው። የእኔን ደን አመድ አድርጌዋለሁ» አልኩ። ታፕሌሌይ ፊቷን ሸፈነች። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «ሌባ እንደሆንክ ነገርከኝ፤ በስኳሩ ማር ግን ውሸታምም ነበርክ፣ ዛሬ ውሸታምነቱ እንኳ ቀርቶልሃል» አሉ። ከዚያ ማሩን በጣታቸው ነክተው የልጆቹን ግንባር ቀቡ። «ልጄን የሰጠኋት ለቼሩዮት ደን ነው እንጂ ለአንተ ድንች እንዳይመስልህ» ሲሉ ሰዉ እንደገና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እንደዚያ ቀን ተዋርጄ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ተደስቼ አላውቅም።

ስለዚህ አመሰግንሃለሁ። በቃል ብቻ የሚያልቅ አይደለም፣ ግን ልበለው። ስስቅብህ ባለመስማትህ፣ ያቺን ቅርንጫፍ ባለማስነካትህ አመሰግንሃለሁ። ልጄ ሚስት ያገኘው፣ እኔም የልጄን ዓይን እንደገና ማየት የቻልኩት በአንተ ግትርነት ነው። ባለካሚዮኖቹ ባለፈው ሳምንት መጥተው «የማዶው ደን ባለቤት እኮ የለም» ሲሉኝ፣ «አለ! ባሕር ላይ ነው፣ እኔም ዘበኛው ነኝ» ብዬ አባረርኳቸው። እናታችን ከስድስት ዓመት በኋላ ያን ቀን ነው ስቃ ያየኋት።

የሰው ቀፎ የከፈተ አዲስ ቀፎ ሠርቶ በገዛ ዛፉ ላይ ለባለቤቱ እንደሚሰቅል ታውቃለህ። ቀፎውን ሠርቼአለሁ። እንጨቱ ከአባታችን ጥድ ነው፤ ባለካሚዮኖቹ ሲጭኑ ጫፉ ተሰንጥቋል ብለው ጥለውት የሄዱት ጉማጅ ነበር። ፈልፍዬ፣ አለስልሼ፣ ያንተን ምልክት ቀረጽኩበት። ከዚያ ትከሻዬ ላይ አድርጌ የምሰቅልበት ዛፍ ፍለጋ ድርሻዬን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩት። አንድም የለም ወንድም ጋሼ። ቼፕንጌኖ ደጅ ቆማ ስታየኝ ቆይታ «አባባ፣ ድንቹ ላይ ይስቀሉት እንጂ» አለችኝ፤ ገና በሁለተኛ ሳምንቷ! ይህች ልጅ ከእናታችን ጋር ትስማማለች።

አሁን ከአንተ ደን ያነሳናቸውን የብሳናና የዝግባ ችግኞች በወንዙ ዳር ተክለናል፤ ሙሽሮቹ ናቸው ውኃ የሚያጠጡት። የድንቹን መሬት በግማሽ ቀንሻለሁ፣ በአበባ ጊዜም አልረጭም። ብሳናው ቀፎ ለመሸከም አሥር ዓመት፣ ዝግባው ደግሞ ከእኔ ዕድሜ በላይ ይፈልጋል አሉኝ። ስለዚህ አሁን የምጠይቅህ ይቅርታህን ብቻ አይደለም። ዛፎቼ እስኪደርሱ፣ የዕዳዬን ቀፎ በራስህ ዛፍ ላይ እንድሰቅልልህ ትፈቅድልኛለህ? ነገሩ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ግን በዚህ ጊዜ ሳልጠይቅህ ወንዙን አልሻገርም።

እናታችን ግንባርህን ትስምሃለች፣ ዓሣውን ቀንስ ትልሃለች። ታፕሌሌይ በጣም ሰላም ትልሃለች፤ ለአንተ ያስቀመጠችውን አንድ ቅል ማር ማንም እንዳይነካው ደብቃዋለች፣ ከእኔም ጭምር ነው የደበቀችው። ኪፕኬሜይ እጅህን ይስማል። ቼፕንጌኖ አይታህ ባታውቅም ስምህን «ባለ ዛፉ» ብላዋለች፣ ባለ ዛፉ እንዴት አሉ ትልሃለች። ከኪሮርም ጋር ታርቀናል፣ ሰላም ብሎሃል። ለጓደኞችህ ለመርከበኞቹ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ቀፎው አልጋዬ አጠገብ ነው። ከትናንት በስቲያ አንዲት ንብ በመስኮት ገብታ ቀፎው ውስጥ ዘልቃ ዞር ዞር ብላ አየችው። ስትወጣ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመች። «ቆዪ እስቲ» አልኳት፣ «ባለ ዛፉን ጠይቄዋለሁ፣ መልሱን እየጠበቅን ነው።»

ታናሽ ወንድምህ ኪብሶይ
ካፕሲሞ፣ ማው ደን
እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1998