የእማዬ ምች

ጥር 8፣ መምህራን ክፍል፣ ምሳ ሰዓት

ጧት ስነሳ ታችኛው ከንፈሬን በላኝ። ጀመረ ማለት ነው። ክኒኑን ወዲያው ዋጥኩ፤ ማሳከክ ሲጀምር እንጂ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ብዙም አይረዳም ብላኛለች የጤና ጣቢያዋ ሲስተር። ፎጣዬን ለየሁ። ኩባያዬንም። ለፀሐዩ ጃንጥላ። ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው። የፈተና እርማት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ንዴት፤ ሰበብ አያጣም። የስፖርት መምህሩ ምች መታሽ እንዴ ብሎ ሳቀ። አዎ መታኝ፣ ምን ትሆን!

ጥር 10፣ ከሰዓት

ደብተሬ፣ አንቺንም የደበቅኩሽ ነገር አለ።

ክኒኑን የሰጠችኝ ቀን ሲስተሯ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ምች የምንለውን ፀሐይ አያመጣውም፤ ሰውነት ውስጥ የተኛውን ይቀሰቅሰዋል እንጂ። ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። አንዴ ከገባ አይወጣም። በመሳም ይተላለፋል። ትልቅ ሰው ከንፈሩን አቁስሎት ያልፋል። አራስ ሕፃን ከሆነ ግን ሊገድል ይችላል አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

የእኔ ማሙሽ በዐሥራ ስድስት ቀኑ ነው የሞተው። ዓመት ሊሞላው ነው። ክርስትና እንኳ አልተነሳም። ጡት እምቢ አለ፣ አተኮሰው፣ ግንባሩ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ወጡ። ሙቀት ነው አልን። ሙቀት!

ልታርሰኝ ከማጂ የመጣችው እማዬ ያኔ ምች መትቷት ነበር። ከንፈሯ አብጦ። በዚያ ከንፈር ግንባሩን ስትስመው ትውል ነበር፤ እኔም እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር።

እሱ ይሆን እንዴ ብዬ ሲስተሯን ጠየቅኳት። ሳይመረመር ስለሄደ በእርግጠኝነት አይታወቅም አለች። ግን ዓይኔን አላየችኝም።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ቴፒ ቡና እርሻ ነው የሚሠራው፣ ቅዳሜ ነው የሚመጣው። መጥቶ ሄደ።

ጥር 13

ታናሽ እህቴ ትዕግስት ወለደች። ሴት! ማስክ አድርጌ በር ላይ ቆሜ እልል አልኩ። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ አልቀረብኩም። ፊቷ ጥቁር አለ። ቀናች ብላ ይሆናል። ትበል።

እማዬ ደወለች፤ ትዕግስትን ልታርስ ዓርብ ትመጣለች። ከንፈርሽ ደህና ነው ወይ ልላት ፈልጌ ጤፍ ተወደደ ወይ አልኳት። ፈሪ።

ጥር 15

ሕፃኗን አትሳሚ ብላት፣ ለምን ትለኛለች። እማዬ ያለ ምክንያት እሺ የምትል ሴት አይደለችም። ምክንያቱን ከነገርኳት ደግሞ ቀን ቆጥራ ራሷ ትደርስበታለች። ከቀብሩ ወዲህ ጥቁሯን አልፈታችም። ይህንን ሰምታ እንዴት ትኖራለች? ዝም ብል ደግሞ፣ ያቺ አንድ ፍሬ ልጅ።

አንዳንዴ እናደድባታለሁ። እውነቴን ነው። ምነው ባልመጣሽ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ፣ ምን አውቃ? የወደደችውን ነው የሳመችው።

ጥር 16

ወሰንኩ። እኔ ነኝ እላታለሁ። የእኔ ምች ነው፣ እኔው ስሜው ነው እላታለሁ። ለእኔ ከዚህ ሌላ ምን ይጨመርብኛል?

ጥር 17፣ ትዕግስት ቤት፣ 11 ሰዓት

መጣች። አቧራ ለብሳ፣ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ተሸክማ። የላይኛው ከንፈሯ በግራ በኩል ውሃ ቋጥሯል። የማጂ ፀሐይ ምች መታኝ ትላለች፣ እየሳቀች።

መጀመሪያ እኔ ቤት ታጠቢ ብዬ ከመናኸሪያ ጎትቼ ወሰድኳት። አስቀምጬ ነገርኳት፤ የሲስተሯን ቃል ሁሉ፣ ከዚያም ውሸቴን። ማሙሽን የገደለው የእኔ ከንፈር ነው አልኳት። ስለዚህ እስኪደርቅልሽ ይቺን ልጅ እንዳትስሚ፣ እጅሽንም ሳትታጠቢ እንዳትነኪያት።

አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ፦ ያኔ አንቺን ምች አልመታሽም ልጄ። ዳማከሴውን ጨምቀሽ የቀባሽው የእኔን ከንፈር ነው።

ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች። በባጃጅ ወደዚህ መጣን።

ትዕግስት ልጇን እንኪ ብላ ስትዘረጋላት፣ እማዬ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። ገንፎውን ላገንፋ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ተከተልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ዱቄቱን ይዛ፣ ማሙሽዬ ይቅር በለኝ ትላለች፣ ደጋግማ። ጥፋትሽ አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩና ዱቄቱን ከእጇ ተቀበልኳት።