ስክሪኑን ሙላው ያልከው ፎቶ

ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ራስ ምታትህስ ለቀቀህ? ጤናህን የምጠይቅህ ከልቤ ነው፤ ብናደድብህም ክፉህን አልመኝም። እኔ ደህና ነኝ። የእናታችንን የማሜን መቃብር ዝናብ እንዳይበላው ዙሪያውን በሲሚንቶ አሠርተነዋል። ስደውል ስለምትዘጋብኝ ይኸው ጻፍኩልህ።

ነገሩ ለቀብሯ ስለተሠራው ቪዲዮ ነው። ፎቶዎቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከማሜ ሣጥን አውጥቼ፣ አቧራቸውን ጠራርጌ፣ ገበያው ዳር ቪዲዮ ለሚያቀናብረው ለባፉር ወሰድኩለት። "እህቴ፣ እነዚህ ሁሉ ቁመታቸው ረጅም ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ወደ ጎን ሰፊ ነው። ወይ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፣ ወይ ስክሪኑን ልሙላው ካልኩ ከላይና ከታች ይቆረጣል" አለኝ። ለጥጦም ሞከረው፤ የማሜ ፊት እንደ ሊጥ ሲነፋ ሁለታችንም ሳቅን። "ጥቁሩ ይሁን፤ ለቅሶ አይደል? ብቻ እንዳትቆርጥብኝ" አልኩት።

እኔ በነዚያ ፎቶዎች ላይ የት እንዳለሁ ታውቃለህ። ፖሊዮ እግሬን ከወሰደው ወዲህ ማሜ ቆማ፣ እኔ እግሯ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምንነሳው። ፎቶ አንሺው "ልጅቷን ዞር አድርጊያት" ሲላት "እንግዲያው እኔንም ተወኝ" ትለው ነበር።

ቅዳሜ፣ በቀብሯ ዕለት፣ የለቅሶ ቀይና ጥቁር የለበሰ ሰው ድንኳኑን ሞልቶ፣ ማሜ ደረቷ ላይ ተቆርጣ ስክሪኑን ሞላችው። የሚቀጥለውም እንደዚያው። የሚቀጥለውም። አንዱ ላይ ብቻ የሻሼ ጫፍ ብቅ ብላ ጠፋች። አክስታችን ኛርኮ "ልጅቷን ምን በላት? ምን ዓይነት ለቅሶ ነው ይሄ!" ብላ ስትጮህ አንተ ሙዚቃውን አስጨመርክ። ሚስትህ ኤኒዮናም ውሃ ይዛልኝ መጥታ አጠገቤ ጎንበስ አለችና፣ በኛ ቋንቋ፣ በተሰባበረ ትዊዋ "እህቴ፣ ጎረቤት ነሽ? በቅርብ ታውቂያቸው ነበር?" አለችኝ። ሐዘን ግራ አጋብቷት ነው ብዬ ተውኩት። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ!

ሰኞ ባፉር ላይ ሄጄ ጮኽኩበት። አንገቱን ደፍቶ "ምን ላድርግ? ወንድምሽ ደውሎ 'ስክሪኑን ሙላው፣ ፊቷ ላይ አድርገው፣ ወደ ታች እንዳትወርድ' አለኝ። 'እህትህ ትቆረጣለች' ስለው 'እሱን ለኔ ተወው' አለኝ" አለ።

ወደ ታች እንዳትወርድ! የትምህርት ቤት ልብስህን በስፌት መኪናዬ የሰፋሁልህ እኔ! ወባ ሲጥልህ ውኃ ላመጣልህ ቧንቧው ድረስ በእጄ የዳህኩት እኔ! ከተጋባችሁ ጀምሮ መንገዱ መጥፎ ነው እያልክ ሚስትህን ወደዚህ አላመጣሃትም። ማሜ አክራ ቤታችሁ መጥታ ስትጠይቃችሁ፣ ትዊ በቅጡ ለማታውቀው ሚስትህ የምታስተረጉመው አንተ ነበርክ። ማሜ ስለ እኔ ሳታነሳ ውላ አታድርም ነበር። ምን ብለህ ስትተረጉምላት ኖርክ? እግዜር ያሳይህ፣ ምን ብለህ?

ባፉርን ቪዲዮውን እንደ አዲስ አሠራሁት። በአርባዋ አንተ ሥራ በዝቶብኛል ብለህ ቀረህ፤ ኤኒዮናም ግን ልጆቹን ይዛ በአውቶቡስ መጣች። ቪዲዮው ደግሞ ተከፈተ። ማሜ ከራስ ጠጉሯ እስከ ጫማዋ ቆማ፣ እኔም እግሯ ሥር። ግራና ቀኙ ጥቁር ነበር፤ ማንም ነውር አላለውም። አክስታችን ኛርኮ "ይቺውላችሁ የኛዋ!" እያለች ጨፈረች። ኤኒዮናም አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እኔን አየች። ወንበሯን ትታ መጥታ ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እጄንም ያዘችኝ።

ማሜ ካለችበት ትመርቅህ፤ እኔ ገና አፌ አልታዘዘኝም። እሱ አንድዬ ልብ ይስጥህ፣ ከክፉም ይጠብቅህ። ልጆችህ እዚሁ እኔ ዘንድ ደህና ናቸው። ትንሿ "አክስቴ" እያለች ከጎኔ አትለይም። ትልቁንም ሳሉ ለቆታል። እናታቸው ዛሬ ጠዋት እዚህ ሰፈር ያለውን ትምህርት ቤት ልትጠይቅላቸው ወጥታለች።

የእናትህ ልጅ፣
ታላቅ እህትህ