በአውራ ጣት ስለተለኩት ጎማዎቼና ስለ እናቴ የእጥበት ተራ

ለክቡር የመንገድ ደህንነትና የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በተለይ ደግሞ ሁለቱም ኩላሊቶችዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። ኩላሊትን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም፤ ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው መንገድ ምን እንደሆነ፣ ጎማም ምን እንደሆነ ሳያስጨንቀው በሰላም ኖሮ ሊያልፍ እንደሚችል፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን እንደማይችል በቤቴ ስላየሁ ነው።

እኔ ገበያው ማዕዘን ላይ ልብስ ሰፍቼ የማድር፣ ቤቴ ግን አዲሱ አስፋልትዎ ካለቀበት ወዲያ፣ ጭቃው ከሚጀምርበት ቁልቁለት ግርጌ የሆነ ሰው ነኝ። አስፋልቱ ያምራል፤ ይህን ሳልናገር ወደ አቤቱታዬ ብገባ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ከአደባባዩ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ልሙጥ ነው፤ በእኛ በኩል የቆመበት ጫፍ ደግሞ በመቀስ የተቆረጠ ስለሚመስል፣ ሙያዬ ነውና፣ ባየሁት ቁጥር ጠርዙን መዘምዘም ያምረኛል።

እናቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች። በየሳምንቱ ተራዋ ሲደርስ ሆስፒታል እየወሰድኩ ደሟን በማሽን አሳጥባለሁ። መኪናዬ አሮጌ ፎር ዊል ናት፤ በየቀኑ እነዳታለሁ፤ ጠዋት ወደ ሱቅ፣ ማታ ወደ ቤት፣ በመካከሉ ከእናቴ ጋር ወደ ማሽኑ። ስለዚህ ጎማ መምረጥ ለእኔ የጌጥ ጉዳይ አልነበረም። የአስፋልት ጎማ ድምፅ የለውም፣ ነዳጅም አያባክንም፤ ዝናብ የጣለ ዕለት ግን የእኛን ዳገት ከመውጣት ወደ ኋላ መመለስ ይቀለዋል። የጭቃ ጎማ ዳገቱን እየቧጠጠ ይወጣል፤ አስፋልት ላይ ሲደርስ ግን እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ለመቆም ያመነታል፣ ከማሽኑ ራሷን እያዞራት የወረደችውን እናቴን ደግሞ በጩኸቱና በመርገፍገፉ እስከ ቤት ድረስ ያስመልሳታል።

እኔ የፈለግሁት በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ለሁሉም መንገድ የሚሆነውን ነበር፤ ጥርሱ ጭቃውን የሚተፋ፣ ግን የማያጓራ፤ ጎኑ የድንጋይ ስለት የማይበሳው፣ ግን ወገብ የማይሰብር፤ መሪ ሲጠመዘዝም ፓራፋንጎውን የማይልስ። ብዙ ጊዜ ፈጀሁ። ባለቤቴ "እኔን አንድ ቀን አይተኸኝ ነው ያገባኸኝ፤ ለጎማ ነው እንዲህ የምትጨነቀው?" ብላ ታዘበችኝ፤ እናቴም የሱቆቹን ጎማ ሁሉ አንድ በአንድ ስነግራት "ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል፣ አንዱን ይዘህ ና" አለችኝ። ይዤ መጣሁ። የመጀመሪያ ቀን ከእጥበት ስንመለስ እናቴ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከአስፋልቱ ወደ ጭቃው መውረዳችንን እንኳ ሳታውቀው ደጃችን ላይ ቀሰቀስኳት። ክቡርነትዎ፣ በሕይወቴ ብዙ ልብስ ሰፍቼ ብዙ ምርቃት ተቀብያለሁ፤ እንደዚያ እንቅልፍ ያስደሰተኝ ግን የለም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ።

አንደኛ፣ "ጥርሳም ጎማ አዲሱን አስፋልት ስለሚልጥ፣ በአስፋልቱ ላይ የሚሽከረከር ማንኛውም ተሽከርካሪ የአስፋልት ጎማ ብቻ ይጠቀም" የሚለው መመሪያዎ። መመሪያው በወጣ ማግስት የተላጠ ቦታ ፍለጋ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር በእግሬ ሄጄበት ነበር፤ አላገኘሁም፤ ጥፋቱ የዓይኔ ይሆናል። በመመሪያዎ ዘንድ በዚህ ዓለም ያለ ጎማ ወይ የአስፋልት ነው ወይ የጭቃ፤ ሦስተኛ ዓይነት አልተፈጠረም። ስለዚህ የእኔ ጎማዎች የሌሉ ጎማዎች ሆኑ፤ በሌሉ ጎማዎች እናቴን ሆስፒታል ማድረሴ እኔንም አንዳንድ ጊዜ ይገርመኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ መለኪያዎ። መርማሪው አውራ ጣቱን በጎማው ጥርስ መካከል ይከታል፤ ጥፍሩ ከተዋጠ የጭቃ፣ ጥፍሩ ከታየ የአስፋልት ነው። እኔ የሰው ትከሻ በሜትር ለክቼ እንኳ ደንበኛ ከሚቆጣኝ፣ ይህን ጥበብ ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ ምንኛ በዳንኩ። ጽሕፈት ቤትዎ እንደሚያውቁት ሁለት መርማሪዎች ነበሩት፤ እኛ ባለመኪናዎች አንደኛውን ዱባ፣ ሁለተኛውን ሲባጎ እንላቸዋለን፤ ስያሜው ከጣታቸው ውፍረት የመጣ ስለሆነ በክፉ እንዳይታይብን እለምናለሁ። የዱባ አውራ ጣት የትም አይገባም፤ በእሱ ተረኝነት ትራክተርም ያልፋል። ዘንድሮ ዱባ አድጎ ቢሮ ገባ። አምና በዱባ ጣት የአስፋልት የነበሩት ጎማዎቼ፣ ዓመቱን ሙሉ ተሽከርክረው፣ ጥርሳቸው አልቆና ሳስቶ፣ ዘንድሮ በሲባጎ ጣት የጭቃ ሆነው ተገኙ። ጎማ እያለቀ ሲሄድ ጥርስ እንደሚያወጣ ያወቅሁት በጽሕፈት ቤትዎ ነውና ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ምክርዎ። እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። የበታች ኃላፊዎ በትሕትና "መኪናህ የከተማ ናት የገጠር? አንዱን ምረጥ" አሉኝ። ጠዋት የገጠር፣ ረፋዱ ላይ የከተማ፣ ማታ መልሳ የገጠር ናት ብላቸው፣ እንግዲያውስ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ጎማ ቀይር አሉኝ። የሚያላግጡ መስሎኝ ነበር፤ የምራቸውን ነው። እኔም የምሬን አደረግሁት። የአስፋልት ጎማዎች ከጎሚስታ ተውሼ ከኋላ ጭኜ፣ አስፋልቱ ጫፍ ስንደርስ እናቴን አውርጄ፣ በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ጃንጥላ አስይዤ፣ ክሪኩን አስገብቼ አራቱንም ስቀይር፣ ከሆስፒታል ስንመለስም እንደገና አራቱንም ስፈታ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያይ ነበር። አንድ መንገደኛ "ምን ሆናችሁ ነው?" ብሎ ቢጠይቃት፣ እናቴ ከጃንጥላው ሥር ሆና "ጫማ እየቀየርን ነው፤ የሰው ምንጣፍ እንዳናቆሽሽ" አለችው። እሷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ወገቤ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አላጎነብስ አለኝ። ስለዚህ በመመሪያዎ መኖሩን ትቼ እንደ ሌላው ሕዝብ መኖር ጀመርኩ፤ ሌላው ሕዝብ ለምርመራ ቀን ብቻ ነው ጎማ የሚቀይረው።

አራተኛው እንግዲህ ምስጋና ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ አጥር ሥር ያለው ጎሚስታ ከነቸርኬያቸው ለምርመራ ቀን የሚያከራያቸው አራት ልሙጥ ጎማዎች አሉት፤ የከተማው ሰው "ሙሽሮቹ" ይላቸዋል። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ በጋሪ ታዝለው ወደ መኪናዎች ይመጣሉ፤ ገብተው ይመረመራሉ፤ አልፈው ይወጣሉ፤ ተፈትተው ለቀጣዩ ባለመኪና ይዳራሉ። የዚህ ከተማ መኪና ሁሉ ለቦሎው ያለፈው በእነዚሁ በአራቱ ነው። ዘበኛዎ ከእኛ ይልቅ እነሱን ስለሚያውቃቸው በሩን የሚከፍተው ጎማ አይቶ ነው። የክቡርነትዎ የሥራ መኪናም፣ ከአስፋልት ወርዳ ባታውቅም ለግርማ ሞገስ ጥርሳም ጎማ የተጫማችው፣ በተራዋ ቀን ሙሽሮቹን አጥልቃ ስትገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ተራው የእኔ ስለነበረ ቅድሚያ ሰጥቻታለሁ፤ ይህም እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

አምስተኛ ልለው የነበረው ከቁጥር ጋር አልሄድ ስላለኝ እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

እኔም ሙሽሮቹን ተከራይቼ ምርመራውን አለፍኩ፤ ሲባጎ ጎማዎቹን አመስግኖ "ሰው እንዲህ ሕግ ሲያከብር ደስ ይላል" አለኝ። የራሴን ጎማዎች ልወስድ ስመለስ ባልደረቦችዎ የኪራዩን ነገር ያን ቀን ገና የሰሙ ይመስል መጥተው የጎሚስታውን ሱቅ አሽገውት ደረስኩ። ጎማዎቼ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ። ነገ የእናቴ ተራ ነው ብዬ ለመንኩ፤ ኤግዚቢት ናቸው ተባልኩ። የእኔ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም የአስፋልት ይሁኑ የጭቃ ኮሚቴ ሳይወስን ከዚያ እንደማይወጡ በትሕትና ተነገረኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና መኪናዬ ሙሽሮቹን እንዳጠለቀች ወደ ቤቴ ወረድኩ።

ሌሊቱን ዘነበ። ተራ አይዘለልም፤ ነርሷ ስንት ጊዜ ነግራናለች፤ አምቡላንስም በመመሪያዎ መሠረት የአስፋልት ጎማ ስላጠለቀ ከአስፋልቱ ጫፍ አያልፍም። እናቴን መኪናዋ ውስጥ አስቀምጬ ዳገቱን ጀመርኩ። ግማሽ ድረስ ወጣን። ከዚያ በኋላ መሪውም ፍሬኑም የእኔ አልነበሩም፤ መኪናዋ በጎኗ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ስትወርድ እናቴ በሁለት እጇ መቀመጫውን ይዛ "አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ" ትላለች፤ እኔን! ቦዩ ውስጥ ጋደም አልን። ጎረቤቶች መጥተው በመስኮት አወጧት። ግንባሯ ተፋቀ፣ ተራዋ አለፈ፣ የመኪናዋም መሪ ተጣመመ። በማግስቱ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት፤ ትንፋሿም አጠረ።

ለሚቀጥለው ተራ ጎረቤቶቼ በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን አወጧትና አስፋልቱ ጫፍ ላይ ከሚጠብቀው አምቡላንስ አደረሷት። ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ነበሩ። አንዱ ወድቆ ነበር፤ እሷ ግን እንድትወድቅ አላደረጉም። ማታ እንደዚያው ተሸክመው መለሷት። አልጋዋ ላይ ካረፈች በኋላ ጠራችኝና በቀስታ "ከእንግዲህ አልሄድም" አለች። ብለምናት፣ ባለቤቴም ብታለቅስ፣ "ሰው ትከሻ ላይ የሚወጣው አንዴ ነው፤ እኔ በቁሜ ወጥቼ አየሁት፤ ይበቃኛል። ስለ እኔ ሰው አይሰበርም" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐኪሙን ደውዬ አማከርኩት፤ ካልመጣች የሚሆነውን ነገረኝ። የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ክቡርነትዎ ያውቁታል ወይም ገምተውታል።

አሁን ቀን ቀን እሰፋለሁ። ማሽኔን ስረግጥ እግሬ የሚረግጠውን፣ እጄም የሚይዘውን አያውቅም፤ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ሁለቱንም እግር አንድ ላይ ሰፍቼ ሰጥቻለሁ። ማታ ስመጣ "ሥራ እንዴት ዋለ?" ትለኛለች፤ ደህና እላታለሁ። ተስፋ ቆርጫለሁ፣ ክቡርነትዎ፤ ለዚህ ጨዋ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም።

ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የምለምነው ነገር የለም። ኮሚቴው ይሰብሰብ፣ ቃለ ጉባኤውም ይጻፍ፤ ጎማዎቼ ምን እንደሆኑ ተወስኖ ሲያልቅ ለማንም ይስጧቸው። መርጬ የገዛኋቸው አንዲት ሴትዮ እንዲያስተኙልኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ አስተኝተውልኛል፤ ደረሰኝ ከተጠየቅሁ ይህንኑ እሰጣለሁ።

አስፋልትዎ ሳይላጥ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ከደጅዎ እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድ ለዘላለም ልሙጥ ሆኖ፣ እርስዎ ግን የሚሄዱበት ጉዳይ ሳይኖርዎት ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር፣

አስፋልቱ ካለቀበት ወዲያ ነዋሪ የሆነው፣
ታዛዥዎ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ የመቃብሩ ቦታ ከአስፋልቱ ማዶ ስለሆነ አንድ ነገር አስቀድሜ መጠየቅ ግዴታዬ ሆነ። ጎረቤቶቼ በጭቃው ምክንያት የሚጫሙት ቦት ጫማ ሶሉ ጥርሳም ነው። እናቴን ተሸክመው አስፋልቱ ጫፍ ሲደርሱ ጫማቸውን ያውልቁ፣ ወይስ ለዚያን ቀን ብቻ ይፈቀድላቸዋል? መልስዎን ቶሎ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል፤ የትንፋሿ ማጠር ከትናንት ዛሬ ብሶባታል።